ሽማግሌውና የአምስት ደቂቃው ቅጣት

ጋሻው ሰው ሁሉ የሚመርጠው ሽማግሌ ነበር። ቁመተ ሎጋ፣ ድምፀ ወፍራም፣ ነጠላውን አጣፍቶ ደጅ ሲቆም ገና አፉን ሳይከፍት ልጅ የሚያሰጥ። ከምርጫ ዘጠና ሰባት በኋላ ለንደን ገብቶ አውቶቡስ መንዳት ከጀመረ ወዲህ፣ ከኬኒንግተን እስከ ክሮይደን ስንቱን አጋብቷል። የእህቱ ልጅ ዘማርያም፣ "ጋሼ፣ ዳናዊትን ጠይቅልኝ" ሲለው ታዲያ ደረቱን ነፍቶ ነው የሄደው።

ክላፋም፣ የዳናዊት አባት የአቶ አምሃ ሳሎን ውስጥ፣ ከሽማግሌ ባልደረቦቹ ከካሳዬና ከአለማየሁ ጋር ሦስት ሆነው ቆሙ። እንደ ወጉ ጉዳያቸውን ሳይናገሩ አይቀመጡም። ጋሻው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ልጅዎን ሳባን፣ ለልጃችን ለዘማርያም እንዲሰጡን..."

ሳባ! ሳባ የዘማርያም የድሮ ፍቅረኛ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት ጋሻው ለእሷ ሽማግሌ ሊሄድ ንግግሩን ሲያጠና ከርሞ፣ ነገሩ ሳይሆን ቀረ። ንግግሩ ግን ሆዱ ውስጥ ተጠቅልሎ ቆይቶ ኖሮ አሁን ከነስሟ ወጣ። መስመር የተቀየረበት ሹፌር ሳያስበው በድሮው መንገድ እንደሚታጠፍ ማለት ነው። ምላስ እንደሆነ አጥንት የለውም።

አቶ አምሃ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። "ሳባ ማናት?"

ከኩሽና የዳናዊት "ኦ ማይ ጋድ!" ተሰማ።

አቶ አምሃ ቶሮንቶ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተው ወደ ለንደን የዞሩ ሰው ናቸው። ከዚያ ያመጡት ሁለት ነገር ነው፤ የጉልበት ቁርጥማትና የበረዶ ሆኪ ፍቅር። ዘማርያም ስትሬተም በረዶ ላይ ሆኪ የሚጫወት ልጅ መሆኑን ሲሰሙ ግማሽ ልባቸው ለስልሶ ነበር። ሌላው ግማሽ እምቢ ያለው ልጁ የሚጫወተው በዓለም አቀፉ ደንብ ስለሆነ ነው። "ቡጢ የተሰናዘረን ሰው ከጨዋታ የሚያባርር ደንብ! ሆኪ ነው ወይስ ሰንበት ትምህርት ቤት?" ይላሉ። በሰሜን አሜሪካው የባለሙያዎች ጨዋታ የተደባደበ ሰው አምስት ደቂቃ የቅጣት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ አፍንጫውን ጠርጎ ይመለሳል። ይህን ሲያወሩ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል።

ያን ቀን ግን አምስት ደቂቃም አልሰጧቸውም። በሩን ከፍተው አስወጧቸው።

ዘማርያም ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመሰም። ዳናዊት ያለ አባቷ ምርቃት እንደማታገባ ቁርጡን ነግራዋለች። ስታለቅስ፣ ስትለምን ሰንብታ በመጨረሻ አባቷን አለዘበችና ዘማርያም ጋ ደወለች። "ሰንዴይ ይምጡ ብሏል። ላስት ቻንስ ነው። ግን ያ የሳተው ሰውዬ አንድ ቃል እንዳይተነፍስ! በቶሮንቶ የሆኪ መለያ ምት ሲመታ፣ አንዴ የመታ ሰው ሌላው ሁሉ ተራውን ሳያደርስ አይደግምም ነው ዳዲ የሚለው።"

ስለዚህ እሑድ ተናጋሪው ካሳዬ ሆነ። ጋሻው ከኋላ ቆሞ አፉን ሊዘጋ በእመቤታችን ስም ምሏል። ያፈረሰውን ሲሠራ ሳያይ ግን ቤቱ መቀመጥ አልሆነለትም።

ካሳዬ ምስኪን፣ ሳባ እንዳይል ፈርቶ ስም የሚባል ነገር ሸሸ። "ልጅዎን... ይህችን ልጅ... ማለቴ የወለዷትን..."

"ስም የላትም?" አሉ አቶ አምሃ።

ካሳዬን ላብ አጠመቀው። የሰው ልጅ የፈራውን ነው የሚናገረው። ከንፈሩ ተከፈተ። "ሳ..."

"ዳናዊት!" ብሎ ጮኸ ጋሻው፣ መሐላውንም እመቤታችንንም ረስቶ። "ዳናዊት ነው የሚለው!"

"አንተ አንዴ መትተህ ስተሃል!" አሉ አቶ አምሃ ብድግ ብለው።

"በለንደኑ ደንብ መለያ ምት ከተራዘመ ያው ሰው ደጋግሞ ይመታል፣ አቶ አምሃ። ስትሬተም ሄጄ እግሬ እየደነዘዘ በዓይኔ ያየሁት ነው።"

"በለንደኑ ከሆነማ ባለፈው ጥፋትህ ከጨዋታው ተባርረሃል! ምን ትሠራለህ እዚህ?"

ጋሻውን ጭንቅ ጥብብ አለው። አለማየሁ ወደ በሩ ማየት ጀምሯል። ዘማርያም ውጭ መኪና ውስጥ ተኮራምቶ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣ እሱም የማያውቀው ሐሳብ ብልጭ አለለት።

"ጥፋቴን በእርስዎ ደንብ ይቅጡኝ፤ አምስት ደቂቃ። ምቱን ደግሞ በእኛ ደንብ ያስደግሙኝ።"

"የሁለት አገር ሕግ ቆራርጠህ ልትሰፋ ነው?"

"ሦስተኛ ልጨምርልዎ። እርስዎም እኔም ልጅ ሆነን ሩር ስንለጋ ምን ይባል ነበር? በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ!"

የአቶ አምሃ ከንፈር ጥግ ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ነው ብሎ የሚምል አልነበረም፣ ቁጣም አልነበረም። እጃቸውን ዘርግተው ከደረጃው ሥር ወዳለችው የዕቃ ማስቀመጫ አመለከቱ። "ሳጥን ውስጥ!"

እናም ስንቱን ያጋባው ጋሻው ነጠላውን ሰብስቦ፣ ከመጥረጊያና ከምንጣፍ ማጽጃው ሁቨር ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ጨለማ ውስጥ ተቀመጠ። ዳናዊት ስልኳ ላይ ሰዓቱን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

"ጋሼ፣ ማን ነው ስሜ?" አለች በሹክሹክታ።

"ዳናዊት።"

"እንደገና ይበሉት።"

"ዳናዊት። ዳናዊት፣ ልጄ።"

"እወደዋለሁ እኮ ጋሼ" አለች፣ ድምጿ ተሰብሮ። "ፕሊስ እንዳይሳሳቱ።"

ጋሻው በዕድሜው ብዙ ደጅ ቆሟል፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን ፈርቶ አያውቅም። በሩ ሲከፈት የሸረሪት ድር ራሱ ላይ ተንጠልጥሎ ወጣ፣ ሳሎኑ መሐል ቆመ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

"ልጅዎን ዳናዊትን፣ ለልጃችን ለዘማርያም እንዲሰጡን ደጅ ጠንተናል።"

አቶ አምሃ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጌጤነሽን አዩ፤ እሳቸው በእሺታ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ።

"ልጄን ዳናዊትን" አሉ፣ "ለልጃችሁ... ለልጃችሁ ለጋሻው ሰጥቻለሁ።"

የወይዘሮ ጌጤነሽ እልልታ ግማሽ ወጥቶ ግማሹ ሳቅ ሆነ። ካሳዬ ወንበር ይዞ በሳቅ ተንፈራፈረ። ጋሻው ራሱ፣ ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት ሰው፣ አፉን በነጠላው ያዘ።

"ዳዲ!" አለች ዳናዊት፣ ጣቷን ወደ ደረጃው ሥር ቀስራ። "አምስት ደቂቃ!"

አቶ አምሃ ሊከራከሩ ቃጡና ተዉት። ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ፣ ግን ቀና ብለው፣ ገብተው በሩን ዘጉ። ዳናዊት ዘማርያምን ልትጠራ ወደ ደጅ በረረች። ሳቁ በረድ ሲል ከውስጥ ሌላ ድምፅ ተሰማ፤ ለቅሶ ነበር።

ጋሻው በሩን ገርበብ አደረገ። አቶ አምሃ ሁቨሩ ላይ ተቀምጠው በእጅጌያቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። "አንድ ልጄ ናት እኮ፣ አቶ ጋሻው" አሉ።

"በቶሮንቶ ደንብ ከተደባደቡ የሚቀጡት ሁለቱም ናቸው አይደል?"

"ሁለቱም።"

"እንግዲያው ጠጋ ይበሉልኝ" አለና ጋሻው ገብቶ አጠገባቸው ተጣበቀ። ከውጭ ዳናዊት ዘማርያምን በእጁ እየጎተተች ስትመለስ በሩን አየች፣ ሳቀችም አለቀሰችም፣ ሰዓቱንም ከመጀመሪያው አስጀመረችላቸው።