የመጨረሻው ደቂቃ ድምፅ

ፌርናን በሞንትሪያል የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ዕድሜውን ሙሉ የማይክሮፎን ሰው ነበር። ጎል ያገባውንም የተቀጣውንም መጀመሪያ በፈረንሳይኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ይጠራል። ቅደም ተከተሉን አንድ ምሽት እንኳ አላዛባም። "ዳቦው ይቀድማል፣ ቅቤው ይከተላል" ይል ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ሞተ። ሚስቱ ሬዣን አላለቀሰችም። ሰው ሲጠይቃት "ደህና ነኝ" ትላለች፤ የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ሉዶቪክ የሚባል የክለቡ ሠራተኛ መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲው ገባ። ሬዣንና እህቷ ጂኔት ለክረምት የሚታሸግ ቲማቲም እየከተፉ ነበር።

"ማዳም ሬዣን፣ ክለቡ አንድ ነገር ሊለምንዎት ልኮኛል።"

"ተናገር።"

"ባለቤትዎ ሙሴ ፌርናን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል 'የመጨረሻ ደቂቃ' ብለው ሲያውጁ የተቀዳ ድምፅ አለን። ዘንድሮ በየጨዋታው ልናሰማው እንፈልጋለን።"

ጂኔት ቢላዋዋን አስቀመጠች። "በሕይወት ያለ ሰው ጠፋ?"

"አዲስ ሰው አለን፤ ጎበዝ ነው። ግን..." ሉዶቪክ አንገቱን አከከ። "ዘንድሮ ቡድኑ ውስጥ አንድም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የአገር ልጅ፣ የኩቤክ ልጅ የለም። የአሠልጣኙም ፈረንሳይኛ ከ'ቦንዡር' አያልፍም። ጋዜጦቹ በሉን። ሰው የእሳቸውን ድምፅ ቢሰማ ቤቱ ያለ ይመስለዋል።"

"ገባኝ። ሕያው ኩቤካዊ ስታጡ ሙቱን አሰለፋችሁ። የት ነው የምታጫውቱት? አጥቂ ነው ተከላካይ?"

"ጂኔት፣ ተይው" አለች ሬዣን።

እምቢ ብትል ያን ድምፅ ዳግመኛ አትሰማውም። ፌርናን ቤት ሲገባ ዝምተኛ ስለነበር በእጇ የቀረ የእሱ ቃል የለም። እሺ ብትል ደግሞ የአገሩን ልጆች ስም ሲጠራ የኖረ ሰው ለእነሱ መጥፋት መሸፈኛ ሊሆን ነው።

"የዚህ አገር ልጅ ጎል ባገባበት ምሽት እሱ ይናገር" አለች በመጨረሻ። "በሌላው ምሽት ዝም ይበል።"

"እንዲህ ያለ ልጅ የለንም እኮ፣ ማዳም።"

"እንግዲያው ይጠብቃል። ፌርናን አሁን የሚቸኩልበት ጉዳይ የለውም።"

አለቆቹ ሳይወዱ ተስማሙ።

ክረምቱ ገባ። ጨዋታ ባለ ምሽት ሁሉ ሬዣን ቴሌቪዥን ትከፍትና የአግቢውን ስም ብቻ ታዳምጣለች። ስዊድናዊ፣ አሜሪካዊ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የቶሮንቶ ልጅ። ፈጣን ልጆች ናቸው፤ ቂም የለባትም። የመጨረሻው ደቂቃ ሲደርስ አዲሱ ሰው ይናገራል። ፈረንሳይኛውን ያስቀድማል። መልካም ነው ትልና ታጠፋዋለች።

በየካቲት መጨረሻ ተጫዋቾች ስለተጎዱ ክለቡ ከታችኛው ቡድኑ አንድ ልጅ ጠራ፤ ኤሎዋ ሲሩዋ ይባላል፣ እዚያው ኩቤክ ያለችው የሪሙስኪ ልጅ ነው። በሁለተኛው ጨዋታው በኳስ ፈንታ የሚመቷት ጠፍጣፋ ጎማ ጉልበቱን ነክታ መረቡ ውስጥ ገባች። ዳኞቹ ምስሉን ደጋግመው አይተው አጸደቁት።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ።

"አየሽው? በጉልበቱ!" አለች ጂኔት። "እሱ ራሱ መቼ ዐወቀ!"

"ጎል ጎል ነው" አለች ሬዣን፤ ዘጋችውም።

ተነሥታ የአተር ሾርባዋን አማሰለችና እሳቱን ቀነሰች። ቴሌቪዥኑ ፊት መጥታ ቆመች። የመጨረሻው ደቂቃ ደረሰ፤ የፌርናን ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ዳቦው። ሲጮህ የነበረው ሕዝብ ጸጥ አለ፤ ከዚያም ከመቀመጫው ተነሣ። ቅቤው ተከተለ።

ሬዣን እንባዋን ጠበቀች። አልመጣም። እጆቿን አየቻቸው፤ ማማሰያውን እንደያዙ ናቸው።

ጂኔት እንደገና ደወለች። "አለቀስሽ?"

"አይ።"

"ታዲያ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ሾርባው እንዳያር እያማሰልኩ።"

ሬዣን ማማሰያውን አስቀመጠች።

"ጂኔት።"

"አቤት።"

"ልጁ ቅዳሜም ይሰለፋል?"

"እንጃ። የተጎዱት እየዳኑ ነው ይላሉ።"