የተገለበጠው ስዊች

«ናሬ! ምንድነው የሚሸተው? የሆነ ነገር እየተቃጠለ ነው!»

«ምንም አይደለም አክስቴ! ዕጣኑ ነው!»

ዕጣኑ አልነበረም። ናሬ የአባቷ ፎቶ ከተቀመጠበት አዳራሽ ጀርባ ባለችው የቤተሰብ ማረፊያ ክፍል፣ በኪራይ ጥቁር የሐዘን ቀሚሷ ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ፣ የአጎቷን ኤሌክትሪክ ጊታር ሆዱን ከፍታ ሽቦ እየበየደች ነበር። በለቅሶ ቤት! አባቷ ገና ሳይቀበር! አክስቷ ጆምሱን ብታይ እዚያው ሁለተኛ ሬሳ ይወጣ ነበር።

ግን ምን ታድርግ? አባቷ ጊታሩን የጠገነለት የሴኡል ሙዚቀኛ በሙሉ ነው እኮ የመጣው! አንዱ ይገባል፣ ለፎቶው ሁለቴ ይሰግዳል፣ ለቤተሰቡ አንዴ፣ እሷም አብራ ትሰግዳለች። ተንበርከኪ፣ ተነሺ፣ ተንበርከኪ፣ ተነሺ፤ ጉልበቷ የእሷ መሆኑን ረስቶታል። ከዚያ ቀዩን የሥጋ ሾርባ ማቅረብ፣ የሶጁ አረቄ መቅዳት፣ «አይዞሽ» ሲሏት «እሺ» ማለት። ማልቀስ ራሱ ደክሟታል።

ከሁሉም የባሰው ግን አጎቷ ማንሺክ ነው። የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ ሠርግ ቤትና ምሽት ክበብ ጊታር ሲመታ ያረጀ። አባቷ ወንድ ልጅ ስለሌለው እሱ በልጅ ቦታ የሐዘኑን ጨርቅ ክንዱ ላይ አስሮ ፎቶው አጠገብ እንደ ግንድ ቆሟል። አንዲት እንባ የለችም! ጠዋት ደግሞ ለአንድ እንግዳ ሲያወራ ሰማችው፦ «ጊታሬ ስዊቹ ሊቀየር ወንድሜ ሱቅ ውስጥ እንደተፈታ ቀረ። ከቀብሩ በኋላ ሌላ ባለሙያ ጋ እወስደዋለሁ።»

ሌላ ባለሙያ! አባቷ መጨረሻ የነካውን ሥራ የማታውቀው ሰው ይነቅለዋል! በቃ፣ ወዲያው ለሱቅ ጎረቤታቸው ደወለች፤ ጊታሩንም መበየጃውንም አመጣላት። እሷ ትጨርሰዋለች።

ትችላለች ደግሞ። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሁሌ የምትሄደው እዚያች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ሱቅ ነው። «አትቸኩይ እንጂ! መጀመሪያ ሽቦውን አሙቂው፤ ሲሞቅ የብየዳውን እርሳስ ራሱ ይጠጣዋል» ይላታል አባቷ። እሷ ስትበይድ እሱ ትንፋሹን ይይዛል። አንዴ የሰው ጊታር አበላሽታ ስትነፋረቅ «የእኔን የመጀመሪያ ሥራ ብታዪ!» ብሎ ሳቀ። ምን እንደነበር ግን አልነገራትም።

እንደ ደንቡ ሠራችው። ከክሮቹ ሥር ድምፅ የሚለቅሙ ሁለት ማግኔቶች አሉ አይደል? ከሁለቱ የሚመርጠው ስዊች ወደ ላይ ሲገፋ ለስላሳው ድምፅ፣ ወደ ታች ሲሆን ስለታሙ። አንዱ ሽቦ አጠረባትና ስባ ስባ አደረሰችው። የመጨረሻዋን ጫፍ እንደበየደች በሩ ተከፈተ፤ ማንሺክ እግሩን ሊያሳርፍ መጣ።

«አንቺ! ምን እየሠራሽ ነው?»

«አለቀ አጎቴ! ይሞክሩት! ኧረ በሩን ይዝጉት፣ አክስቴ ትገድለኛለች!»

ድምፅ እንዳይወጣ ኤርፎን ከትንሽ ማጉያ ጋር ጊታሩ ላይ ሰክታ ሰጠችው። ክሮቹን ነካ፣ ስዊቹን ወደ ላይ ገፋ። ፊቱ ተጨማደደ። ወደ ታች። እንደገና ወደ ላይ።

«ተገልብጧል» አለ።

«አልተገለበጠም! የሰው ጊታር ሁሉ እንዲህ ነው!»

«የእኔ አይደለም።» ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። «አባትሽ በአንቺ ዕድሜ እያለ ከቆሻሻ ላይ ጊታር አንስቶ ጠገነልኝ። የመጀመሪያ ሥራው ነው። ሽቦዎቹን አገላብጦ በየዳቸው። እኔ ምን አውቄ! በዚያው ለመድኩ። ጊታሩ እንዲጮህልኝ ስፈልግ እጄ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። በሰው ጊታር መድረክ ላይ የተዋረድኩትን ውርደት እኔ ነኝ የማውቀው።»

«አባዬ ምን አለ ታዲያ?»

«‹እኔ አልተሳሳትኩም፣ ፋብሪካዎቹ ናቸው የተሳሳቱት።›»

ናሬ ሳቋ አመለጣትና አፏን በእጅጌዋ ያዘች።

«ከዚያ ወዲህ የገዛሁትን ሁሉ ይገለብጥልኛል። ተኳርፈን በማንነጋገርበት ጊዜ እንኳ ጊታሩን ሱቁ በር ላይ ጥዬ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ተገልብጦ ይጠብቀኛል። ቃል አንተነፍስም።» ኤርፎኑን አወለቀ። «ደክሞኛል ናሬ። እንዲሁ ይሁን። ከእንግዲህ እንደ ሰው ልምታ ወይ ልተወው። ጥሩ አድርገሽ ሠርተሻል።»

«አይሆንም!»

ጊታሩን ከእጁ ነጠቀችው። ለካ ሽቦው ያጠረው ለዚህ ነው! አባቷ ለተገለበጠው ቦታ ለክቶ ቀድሞ ቆርጦታል፤ የቀረው መበየድ ብቻ ነበር። እሷ ናት ሽቦው ሰነፍ ይመስል ስትጎትተው የዋለችው! ያን የመሰለ ብየዳዋን አቅልጣ ሽቦዎቹን አላቀቀች። አጭሩን ወደ ሌላኛው ጫፍ ስታዞረው ያለምንም መሳብ ልክ ደረሰ። ግን አሁን ያልተወጠረው ሽቦ ከጣቷ እያመለጠ አስቸገራት።

«መቆንጠጫው ሱቅ ቀርቷል። ይያዙልኝ አጎቴ።»

ማንሺክ ተንበረከከና የጊታር ክር ባደነደናቸው ጣቶቹ ሽቦውን ያዘ። መበየጃውን አስጠጋች። እርሳሱ ቀለጠ።

«ይልቀቁት፣ ያቃጥልዎታል!»

«ቀጥይ።»

መበየጃውን ከሽቦው ላይ አነሳች። ደጅ ጫማ ሲወልቅ ተሰማ፤ ሌላ እንግዳ፣ ሌላ ስግደት። አጎቷ አልተነሳም። ብየዳው ቀዝቅዞ ደርቋል፣ እሱ ግን ሽቦውን እንደያዘ ነው። ናሬም «ይልቀቁት» አላለችውም።