ለእጇ የተለካ ቀስት

ሰዓት ሠሪው የጠገነውን ሰዓት ለባለቤቱ ከመመለሱ በፊት አንድ ቀን በራሱ እጅ አስሮ ካልዋለ እንቅልፍ አይወስደውም። ሚስቱ በዚህ ጠባዩ ስትስቅበት ኖራለች። «የሰው ሰዓት አስሮ የሚውል፣ የራሱ ሰዓት የሌለው ሰው» ትለዋለች። እውነቷን ነው፣ የለውም።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ግን እጁ ላይ የነበረው የሷ ቀስት ነው፤ ያ ጫፍና ጫፉ ላይ መዘውር ያለው። ሚስቱ፣ ስፖርት አስተማሪዋ፣ የግራ እጇ አንጓ ተሰብሮ ከተጠገነ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀስት አልነካችም ነበር። ለነገ በቀስት ክለቧ ሜዳ ልትወዳደር ተመዝግባለች። ሰሞኑን ስትሞክር ታዲያ ፍላጻው ገና ከቀስቱ ሲወጣ ጭራውን እየቆላ ይሄድባታል።

«ዛሬ ካልተስተካከለ ለክለቡ አስረክቤው እገላገላለሁ» ብላ ቁርጡን ነገረችው። ይህን ስትል ፊቷን እንዳያይ ሳህን ማጠብ ጀምራ ነበር።

ሰውየው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አሮጌ ጨርቅ የታጨቀበት ጆንያ አቆመ፤ ከፊቱ ባዶ የፎቶ ፍሬም ላይ ጋዜጣ ወጠረ። ፍላጻው ቀጥ ብሎ ከበረረ ጋዜጣው ላይ ክብ ቀዳዳና የላባዎቹን ሦስት ጭረት ይተዋል። ጭራው ከተወዛወዘ ወረቀቱ ወደ ጎን ይተረተራል።

ፍላጻው የሚጋደምባትን ትንሽ ማረፊያ፣ ከስብራቱ በፊት በመርፌ ጭሮ ምልክት ያደረገባት መስመር ላይ መልሶ አሰራት። ቁመታቸው እኩል ስለሆነ (እሷ በሁለት ጣት እበልጣለሁ ትላለች) ቀስቷ ለሱም ይስማማል። ሳበ፤ ለቀቀ። ክብ ቀዳዳ።

«ነይ እንጂ እመቤት! በሽተኛሽ ድኗል።»

እጇን በፎጣ እያደረቀች መጣች። ሳበች፤ ለቀቀች። ጋዜጣው ወደ ግራ ሁለት ጣት ተተረተረ።

«ቆይ፣ ቡሎኑ ላልቶ ይሆናል» አለና አጠበቀው። እሱ ሲሞክር ክብ። እሷ ስትሞክር ትርትር።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀስቱስ ጤነኛ ነው። በሽተኛዋ እኔ ነኝ። ጠቅልልልኝ።»

ቀስቱን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ እንዳያያት ዞር ብላ አንጓዋን አሸት አሸት አደረገች። አያት። አጥንቱ ሲገጥም ትንሽ ወደ ውስጥ ዘመም ብሎ እንደቀረ ድሮም ያውቃል፤ ማንቆርቆሪያ ስታነሳ፣ በር ስትገፋ አይቷል። እንዳላየ ሆኖ ነው የኖረው። ያቺን መስመር የሙጥኝ ያለውም ለዚሁ ነበር፤ ማረፊያዋ እዚያው ከቆመች እጇም እንደ ድሮው የሚሆንላት ይመስል።

ያኔ አንድ ደንበኛው ትዝ አለው፤ ሹፌር ነው። ሰዓቱ ጠረጴዛ ላይ ልክ፣ በሰዓት ሠሪው እጅ ልክ፣ በሹፌሩ እጅ ግን በቀን አምስት ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል። ሦስት ጊዜ ካመላለሰው በኋላ፣ ሹፌሩ በራሱ እጅ አስሮት ሲውል እያየ ነበር ያስተካከለለት።

«ተመለሺ» አላት።

«ደግሞ ለምን?»

«እስካሁን ለኔ እጅ ነው የሠራሁት። እንደሚመችሽ ያዢና ተኩሺ። እጅሽን ላቃና እንዳትይ።»

«እንደ ጠማማነቱ?»

«እንደ ጠማማነቱ። ሃያ ዓመት ከጠማማ ጋር ኖሬ የለ?»

«ከመስታወትህ ጋር ነዋ!» አለችና ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ማረፊያዋን ከመስመሩ አላቆ የፀጉር ያህል ወደ ቀኝ ገፋት። ተኮሰች፤ ትርትሩ አጠረ። ደግሞ የፀጉር ያህል። የስፖርቱ ገጽ አልቆ የማስታወቂያው ገጽ ተወጠረ። ሰባተኛውን ተኮሰች። ቀረብ ብላ ጣቷን በቀዳዳው ሰደደች። ክብ ነው፣ በሦስት ጭረት።

«አጋጣሚ ይሆናል» ብላ ደገመች። አሁንም ክብ።

መርፌውን አንስቶ አዲስ መስመር ጫረ። አሮጌውን አልፋቀውም። ከዚያ እጁ በልማዱ ሊሞክር ወደ ቀስቱ ተዘረጋ፤ መንገድ ላይ ግን ተመልሶ ኪሱ ገባ።

«አትሞክረውም?»

«እኔ ብተኩስበት ይተረተራል» አላት። «አሁን ያንቺ ነው።»

ትንሽ አየችው። ከዚያ ቀስቱን እንደ ሕፃን አቅፋ ወደ ቦርሳው ወሰደችው።

«በል እንግዲያ፣ ነገ በጊዜ ቀስቅሰኝ» አለችው፣ ሰዓት የሌለውን ሰውዬ።