ባክአፕ አለው አይደል?

የልጄ የፅዮን ላፕቶፕ የተበላሸው የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ ሁለት ቀን ሲቀራት ነው። እሷ ፈተና ስለነበረባት እኔ ላሠራው ከዓለም ባንክ ሰፈር ታክሲ ተሳፍሬ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ወረድኩ። እንዳይነጥቁኝ ደረቴ ላይ አቅፌው ነበር።

ከቤት ስወጣ ጎረቤቴ ተሻለች አስጠንቅቃኛለች። «አላውቅም እንዳትዪ! የማያውቅ ሰው ካገኙ ደህናውን ዕቃ አውጥተው አሮጌ ይከቱበታል። ያሉሽን ሁሉ እንደገባሽ ሆነሽ ስሚ፤ ከአጠገባቸውም ንቅንቅ እንዳትዪ።»

የጥገና ሱቁ ባለቤት ክብሮም የሚባል ወጣት ነው። ላፕቶፑን ከፍቶ አየና በረጅሙ ተነፈሰ። ሐኪም እንዲህ ሲተነፍስ አውቃለሁ።

«ማዘር፣ ዊንዶውሱ ኮራፕት አድርጓል። ቡት አያደርግም።»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ሃርድ ዲስኩ ግን ሰላም ነው።»

ለዚህም ነቀነቅኩ። ሃርድ ዲስክ የቱ እንደሆነ አላውቅም። ዓይኔ እጁ ላይ ነበር፤ አንድ ነገር ፈትቶ ኪሱ እንዳይከት።

ስልኩን ሊያሠራ የተቀመጠ ጎልማሳ ሳቀ። «እናታችን የኮምፒውተር አስተማሪ ናቸው እንዴ? የማያውቁት የለም!»

«ዘመኑ ያስተምራል» አልኩት። ትንሽ ኩራትም ተሰማኝ።

«በቃ ፎርማት ይደረግ» አለ ክብሮም። «ባክአፕ አለው አይደል?»

«አለው» አልኩ ፈጠን ብዬ። የለውም ብል ይገዛ የሚለኝ ዕቃ መስሎኝ ነው።

ሥራውን ጀመረ። እኔ ግን ካልጠየቅሁ ልቤ አያርፍም። «አንተ እስክትጨርስ የልጄ ጽሑፍ የት ይቆያል?»

እጁ ባለበት ቀረ። «የምን ጽሑፍ?»

«የመመረቂያዋ ነዋ።»

«ባክአፕ አለው አላሉኝም? ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ?»

«ሌላ ቦታ... የት?»

ማሽኑን ወዲያው አጠፋው። «ማዘር፣ ፎርማት እኮ ውስጡን መጥረግ ነው! ምነው አልገባኝም ቢሉኝ?»

«እንዳታታልለኝ ብዬ።»

ፊቱ ቀላ። ጎልማሳውም ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

ክብሮም እንደ ምንም ራሱን አረጋጋ። «አንዳንዴ ከተጠረገም በኋላ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ቃል ግን አልገባም። ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ በሌላ ኮምፒውተር መፈለግ አለብኝ። እዚሁ ያድራል።»

ፈትቶ፣ አውጥቶ፣ ያድራል። ቤቴ ሆኜ የፈራሁት ሁሉ ይኸው ነበር። «ፍታው» አልኩት።

ሲፈታ አላየሁም፤ ዓይኔን እንባ ሞልቶት ነበር።

«ለአማካሪዋ በኢሜይል የላከችው ካለ ይጠይቋት» አለኝ ብሎኖቹን እየለቀመ።

ደጅ ወጥቼ ስደውል ፅዮን ከፈተና መውጣቷ ነበር።

«እማዬ! ቀሎኝ ወጣሁ! ላፕቶፑስ?»

«ፅዮንዬ፣ ጽሑፍሽን ለአማካሪሽ ልከሽላት ነበር?»

«የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ። ሌላውን ማታ ጨርሼ ልልክላት ነው። ምነው?»

ታክሲዎቹ ማዞሪያውን እየዞሩ ይጮኻሉ። አንደኛውን ጆሮዬን በእጄ ደፍኜ ነገርኳት።