ተገልብጦ የተገጠመው ሌንስ

እማማ ሸሪፋ መቀመጥ አልሆንላቸው አለ። አረፋ ደርሶ የቡልቡላው ግቢያቸው አልተጠረገም። ልጃቸው ሳና ግን አጥሩ ላይ ያለችውን ሸረሪት ፎቶ ላነሳ ነው ብላ ከጠዋት ጀምሮ መጥረግ ከልክላቸዋለች። ሸረሪቷ እንቁላሏን የቋጠረችበት ከረጢት ሊቀደድ ነው፤ የካሜራዋ ፊልም ደግሞ ለአንድ ፎቶ ብቻ ቀርቷል።

ሳና ውሃ ልትጠጣ ስትገባ እማማ ካሜራውን አዩት። የሟች ባላቸው የሐሩን ሌንስ ፊቱ ወደ ኋላ ዞሮ በፕላስተር ታስሯል።

«ሱሪ በአንገት!» አሉና ፕላስተሩን ልጠው፣ ሌንሱን አዙረው አጥብቀው ገጠሙት።

ሳና ተመልሳ ዓይኗን ብትደቅን ጭጋግ ብቻ ሆነባት።

«እማዬ! ምን አደረግሽው?»

«አቃናሁልሽ! አባትሽ ሲገጥመው ስንቴ አይቻለሁ።»

«ትንሽ ነገር ጎልቶ የሚታየው ሌንሱ ሲገለበጥ ነው እኮ! ፕላስተሩ አልቋል፤ የሸረሪቷ ልጆች ደግሞ መውጣት ጀመሩ!»

እማማ መጥረጊያቸውን ወርውረው ሌንሱን ፈቱ፤ ገልብጠውም በሁለት እጃቸው ካሜራው አፍ ላይ ጫኑት።

«በይ አንሺ! ፊቴ ነው እንጂ ያረጀው፣ እጄ መች ተንቀጠቀጠ?»

«ስታወሪ ይነቃነቃል፤ ዝም በይ።»

ከጠዋት ጀምሮ ያልተዘጋው አፍ ተዘጋ። ካሜራው ቀጭ እስኪል እማማ ትንፋሻቸውን ዋጡ።

«አሁንስ ልጥረግ?» አሉና አጥሩን ትተው ከበሩ ጀመሩ።