ሐሙስ ጠዋት የተሸጠው ሞርታዴላ

መዓዛ በአንዲት የደቡብ ከተማ፣ ፒያሳ ውስጥ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎን በምትገኝ ጠባብ ሱቅ ሳንዱች ትሸጣለች። ሰባት ዓመት ሆቴል ወጥ ቤት ሠርታ ስለወጣች በሞርታዴላ ነገር ቀልድ አታውቅም። በረዶ ተደርጎበት ከአዲስ አበባ የሚመጣላትን ሥጋ ስስ አድርጋ ትቆርጣለች፤ በላስቲክ ጠቅልላ ፍሪጁ ውስጥ ወደ ኋላ፣ ቅዝቃዜው ወደሚበረታበት ትገፋዋለች፤ የተከፈተበትን ቀን ፕላስተር ላይ ጽፋ ትለጥፍበታለች። አራት ቀን ካለፈው ለራሷም አትቀምሰውም፤ ትጥለዋለች።

በዚያ ሳምንት አክስቷ ይርጋለም ላይ አረፉ። ረቡዕ ጾም ስለሆነ የሥጋ ሳንዱች የሚጠይቃት ጥቂት ሰው ነው፤ ሱቋን ዘግታ ለቅሶ ደርሳ፣ እዚያው ውላ ከመሸ ተመለሰች። ለሐሙስ የሚሆነውን ማክሰኞ ከሰዓት ቆርጣ፣ ጠቅልላ፣ ቀኑንም ጽፋ ነበር የሄደችው። ሐሙስ በማለዳ ታቦር ካለው ቤቷ ወርዳ ሱቋን ስትከፍት ፍሪጁ እንደ ወትሮው ያጉረመርማል። ሥጋው ቀዝቅዟል፤ መልኩም ሽታውም ደህና ነው። ዳቦ መሰንጠቅ ጀመረች።

ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞች አንዱ ጋሽ ወልደጻድቅ ነበሩ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ መዓዛንም ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምረዋታል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ያለቻቸው አንዲት ልጃቸው ህሊና ናት፤ እሷም የስምንት ወር ነፍሰ ጡር። የመጀመሪያው ፅንስ ስለጨነገፈባት እስክትወልድ ድረስ ከከተማው ወጣ ባለችው ቡሹሎ፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ባለው የእናቶች ማቆያ ተቀምጣለች። ምግብ አልወርድ ብሏት ከረመ፤ የሚስማማት የመዓዛ ሳንዱች ብቻ ነው። አባትየው አንዱን በወረቀት አስጠቅልለው፣ ከብርቱካን ጋር ዘንቢላቸው ውስጥ ከተው ሄዱ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ሙንተሃ ብቅ አለች። ትናንት እጇን አጣጥፋ እንደዋለች፣ መብራት ከንጋት ጀምሮ ጠፍቶ ማታ አንድ ሰዓት ላይ እንደመጣ እያማረረች ነገረቻት። መዓዛ ቢላዋውን አስቀመጠች። የፍሪጁን የላይኛውን በር ስትከፍት፣ ፌስታል ውስጥ ፍሬ በፍሬ ሆኖ የተወችው በረዶ ቀልጦ፣ እንደገና ረግቶ፣ አንድ ድንጋይ ሆኗል። ሥጋው ቀኑን ሙሉ በሙቀት ሲላሽቅ ውሎ ነው ተመልሶ የቀዘቀዘው። ማክሰኞ የጻፈችው ቀን ግን ላስቲኩ ላይ እንዳለ ነው።

የቀረውን ሁሉ ጠራርጋ ጣለችው። ጠዋት ከበሉት መካከል የምታውቃቸውን በየመሥሪያ ቤታቸው እየዞረች ነገረቻቸው። ጤነኛ ጎልማሶች ናቸው፤ ሆዳችን ድንጋይ ይፈጫል ብለው ሳቁባት። ነፍሰ ጡር ግን ሌላ ነው። ሆቴል ሳለች ዋናው አብሳይ ደጋግሞ ይነግራቸው ነበር፦ እንዲህ ያለ ሥጋ ሲበላሽ እናትየዋን ብዙም ሳያማት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ወደ ጋሽ ወልደጻድቅ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው፤ የህሊናን ቁጥር ደግሞ አልያዘችም። ሱቋን ለሙንተሃ አደራ ብላ ባጃጅ ያዘች። መንገድ ላይ አሥር ጊዜ ደወለች፤ አሥሩንም ጊዜ ዝግ ነው። ባጃጁ በየፌርማታው እየቆመ ሰው ሲያወርድና ሲጭን፣ ህሊና የመጀመሪያውን ጉርሻ ገና እንዳልጎረሰች ለራሷ እየነገረች ሄደች።

ስትደርስ አባትና ልጅ ማቆያው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ወልደጻድቅ ብርቱካን ይልጣሉ። ወረቀቱ ታጥፎ ህሊና ጭን ላይ ተቀምጧል፤ ባዶ ነው። ህሊና ስታያት ደስ ብሏት፣ የዛሬው ደግሞ እንዴት ይጣፍጥ እንደነበር ነገረቻት።

መዓዛ ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ ለቅሶውን፣ መብራቱን፣ በረዶውን። ስትጨርስ ጋሽ ወልደጻድቅ የተላጠውን ብርቱካን እንደያዙ ቀሩ።

«ታዲያ አሁን ምን ይደረግ?» አሏት።

በልጅነቷ ጥያቄ ሲጠይቁ የሚያውቁትን ነበር የሚጠይቁት። አሁን ግን መልሱን ከእሷ ይጠብቃሉ። «አዋላጇ ትጠራ» አለች።

አዋላጇ ሲስተር ሙሉጌጥ ተጠርታ መጣች። የህሊናን ሙቀትና ግፊት ለካች፣ የልጁን የልብ ምት አዳመጠች፤ ሁሉም ደህና ነው። ማስመለስ እንደማይጠቅም፣ ሳይታመሙ የሚሰጥ መድኃኒትም እንደሌለ አስረዳቻቸው። ትኩሳት ከተሰማት ግን በዚያው ደቂቃ እንድትነግራት አስጠነቀቀች።

«እስከ መቼ ነው የምንጠብቀው?» አለች መዓዛ።

«ነገ ሊሆን ይችላል፤ ከወር በኋላም ሊሆን ይችላል። ጨርሶ ላይሆንም ይችላል» አለች ሲስተር። «መጠበቅ ነው።»

መዓዛ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ሱቋን እየዘጋች ቡሹሎ ተመላለሰች። ህሊናን ግንባሯን ትዳስሳታለች፤ በእጇ መዳፍ ስትጠራጠር በእጇ ጀርባ። ህሊና አንዳንዴ ትስቃለች፣ አንዳንዴ ትቆጣለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ጋሽ ወልደጻድቅ አንድም ቀን ክፉ አልተናገሯትም። እንዲያውም በሄደች ቁጥር ወንበር ያቀርቡላት ነበር፤ እሱ ነበር የባሰባት።

በሃያ አራተኛው ቀን ህሊና ወንድ ልጅ ወለደች። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ፤ ጩኸቱ ደጅ ድረስ ይሰማ ነበር። ጋሽ ወልደጻድቅ ግቢው መሀል ቆመው አለቀሱ። መዓዛ እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።

በማግስቱ አጥሚት ይዛላት ስትሄድ ህሊና አባቷን ውሃ እንዲያመጡ ላከቻቸውና እጇን ያዘቻት።

«መዓዚ፣ ያን ቀን ግማሹን ብቻ ነው የበላሁት» አለቻት። «ግማሹን አጠገቤ ለተኛችው ሴት ሰጠኋት። የሷም ወሯ ነበር።»

ሴትየዋ አማርኛ ብዙም አትችልም ነበር፤ ህሊናም ሲዳምኛ አታውቅም። በምልክት ነበር የሚጫወቱት። ያን ዕለት፣ መዓዛ ሳትደርስ በፊት፣ ባሏ መጥቶ ቤት የቀሩት ልጆች አስቸገሩ ብሎ ወሰዳት። መዓዛ የሆነውን ስትናገር ህሊናን የራሷ ድንጋጤ አፏን ያዘው፤ በኋላ ደግሞ እንዴት ብላ ትናገረው?

መዓዛ አልተቆጣቻትም። ወደ ሲስተር ሙሉጌጥ ሄደች። መዝገቡ ወጣ። ስሟም ቀበሌዋም ተጽፏል፤ ስልክ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ሲስተር የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋ ደውላ ጠየቀች። መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ፦ ሴትየዋ ለመውለድ ወደ እናቷ አገር ሄዳለች፤ ባሏም አብሯት ነው፤ ቦታውን በትክክል የሚያውቅ ጎረቤት አልተገኘም። ሲሰማ እናሳውቃለን ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር አልፏል። መዓዛ አሁን ውሃ በብርጭቆ በረዶ ታደርግና ላዩ ላይ ሳንቲም ታስቀምጣለች፤ ጠዋት ሳንቲሙ ሰምጦ ካገኘችው መብራት ጠፍቶ እንደነበር ታውቃለች፤ ፍሪጁ ውስጥ ያለውን ሥጋ ሁሉ ትጥለዋለች። ሐሙስ ሐሙስ ቡሹሎ ትሄዳለች። ሲስተር ሙሉጌጥ ገና ከሩቅ ስታያት ራሷን ትነቀንቃለች፤ ዛሬም ወሬ የለም ማለቷ ነው። መዓዛ ግን እንዲሁ አትመለስም፤ ከገጠር የመጣ ሰው ባየች ቁጥር ጠጋ ብላ የሴትየዋን ስምና ቀበሌ እየጠራች ያውቃት እንደሆነ ትጠይቃለች።