በእርሳስ የተጻፈ ስህተት

አባቴ የውጤት ወረቀቱን ላስቲክ ውስጥ፣ ላስቲኩን ካርቶን ውስጥ፣ ካርቶኑን ደግሞ ሹራቡ ስር አድርጎ መኪናዬ ውስጥ ገባ። የመቀመጫ ቀበቶውን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። እሱ እንደ ነፍሰ ጡር ሁለት እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ ወረቀት እኮ ነው።»

«ያንቺም ዲግሪ ወረቀት ነው፣ ዋንዲ። እንዲህ ብትንከባከቢው ኖሮ ይሄኔ ሥራ ይኖርሽ ነበር።»

ስኮትላንድ፣ ኤደንብራ አሥራ አንድ ዓመት ታሪክ ተምሬ ወደዚህች ሐይቅ ዳር ከተማ ከተመለስኩ አራት ወሬ ነው። ታሪክ የተማረ ሰው «በምን አወቅህ?» ማለት ይለምድበታል። እኛ ቤት ይህ ልማድ ብዙም አይወደድም።

በየዓመቱ በጥር የቤዝቦል ክለባችን ደጋፊዎች በከተማው ትልቅ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። የድሮ ተጫዋቾች ይፈርማሉ፣ ሰብሳቢዎች ዕቃቸውን ይለዋወጣሉ፣ ሁሉም ያረጀ ማሊያ ለብሶ ስለ ሆዱ ይቀላለዳል። ክለቡ «ጎታቾቹ» ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው ወደቡ ላይ መርከብ ከሚጎትቱት ትንንሽ ጀልባዎች ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንዲሉ፣ እነሱም እስከ ዛሬ ከሰንጠረዡ ግርጌ እንደተጎተቱ አሉ።

አባቴ ጨዋታ የሚያየው እርሳስ ይዞ ነው፤ የእያንዳንዷን ኳስ ዕጣ በትንንሽ ሳጥኖች ውስጥ ይመዘግባል። ሹራቡ ስር የያዘው ወረቀት የዛሬ ሠላሳ ሦስት ዓመት፣ በሐምሌ፣ የተደረገ አንድ ጨዋታ መዝገብ ነው። በመጨረሻው ዙር አንዲት ኳስ መሬት ለመሬት እየተንከባለለች ሄዳ በተከላካያችን በዴልማር ኩትስ ሁለት እግሮች መሀል ሾለከች። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። እንዲህ ሲሆን ፍርዱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ኳሷ የማትያዝ ከነበረች ለመቺው «ምት» ተብሎ ይጻፍለታል፣ የምትያዝ ከነበረች ተከላካዩ ላይ «ስህተት» ተብሎ ይጻፍበታል። የሜዳው መዝጋቢ ምት ነው አለ። አባቴ አሥራ አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ «ኢ-6» ብሎ ጻፈ። ኢ ስህተት ነው፤ ስድስት ኩትስ የሚቆምበት ቦታ ቁጥር።

ያን ጨዋታ የጀመሩት የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች አሥራ ስምንት ናቸው። አባቴ አሥራ ሰባቱን አስፈርሟል፤ አንዱን ሆስፒታል ድረስ ሄዶ፣ አንዱን በተጫዋቹ ልጅ ሠርግ ላይ። የቀረው ኩትስ ብቻ ነው። ኩትስ ጨዋታ ሲያቆም አርካንሶ ገብቶ ንብ ማርባት ጀመረ። አባቴ የወረቀቱን ቅጂ እያያያዘ አራት ደብዳቤ ጻፈለት፤ አንድም መልስ አልመጣም። ኩትስ አውሮፕላን የማይሳፈር የሰባ ዓመት ሰው ነው። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያውም ለአንድ ቀን፣ በአውቶቡስ መጥቷል። ዛሬ ካልፈረመ በቃ፣ አይፈርምም።

ሰልፉ ላይ ከኋላችን ቨርና ቆማለች። የትኬት ቁራጭ ሰብሳቢ ናት፤ ከአባቴ ጋር ሠላሳ ዓመት ሲነካከሱ ኖረዋል።

«ኬዝ፣ ዛሬም ያንን የስድብ ወረቀት ይዘህ መጣህ?» አለችው አባቴን።

«አንቺስ ሰው የጣለውን መልቀም አልተውሽም?»

«እኔ የምለቅመው ሰው የጣለውን ነው። አንተ ሰው ያልያዘውን ነው የምትለቅመው።»

ወደ አባቴ ጆሮ ጠጋ አልኩ። «ላጲስ ልፈልግልህ? አይቶ ቢቆጣስ?»

«ሠላሳ ሦስት ዓመት ስህተት ሆኖ የኖረውን ለአንድ ፊርማ ብዬ ምት ላድርገው?»

«አንተም ልትሳሳት ትችላለህ እኮ።»

«እችላለሁ። ያን ቀን ግን አልተሳሳትኩም። አንቺም ነበርሽ፤ ምስክር ትሆኚኝ ነበር።»

«ሆት ዶግ ሰልፍ ላይ ነበርኩ።»

«ሰናፍጭ ጨምሩልኝ ስትይ፣ አዎ። ዘጠኝ ዓመት ሞልቶሽ ሆድሽን የምታስቀድሚ ልጅ ነበርሽ።»

ተራችን ደረሰ። ኩትስ ቀጭንና ረጅም ነው፤ መነጽሩን ኮፍያው ላይ ሰቅሎታል። አባቴ ወረቀቱን ከላስቲኩ አውጥቶ፣ «እዚች ላይ ቢፈርሙልኝ፣ ጌታዬ» አለ። ከእናቴ ቀብር ወዲህ እንዲህ ባለ ድምፅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ኩትስ እስክርቢቶውን አነሳ። ወዲያው መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ።

«አንተ ነህ እንዴ! የደብዳቤው ሰውዬ!»

«ደርሶዎታል ማለት ነው?» አለ አባቴ፤ ፊቱ በራ።

«አራት ጊዜ! አራቱንም ጊዜ ይቺኑ ሳጥን በቀይ አክብበህ! ሚስቴ አንዱን ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች። ብርጭቆ ከእጄ ባመለጠ ቁጥር ምንም አትልም፤ ጣቷን ወደዚያ ነው የምትቀስረው።»

ሰልፉ ሳቀ። ኩትስ አልሳቀም። «ስማ ወንድሜ፣ ያቺን ፊደል አጥፋትና እፈርማለሁ።»

«አላጠፋትም።»

«እንግዲያው አልፈርምም።»

«ኧረ ቶሎ በሉ፣ እኛም ዕድሜ እየሄደብን ነው!» አለች ቨርና።

አባቴ ወረቀቱን ወደ ላስቲኩ ይመልስ ጀመር። ደጋግሞ ቢሞክርም የወረቀቱ ጠርዝ አልገባ አለው። ያን ባላይ ዝም እል ነበር።

«ለምን አትሞክሩትም?» አልኩ። «ኳስ ትንከባለል። ትያዝ እንደሆነ እንያት።»

«ማን ነች ይቺ?» አለ ኩትስ።

«ልጄ ናት። ውጭ ነው የተማረችው፤ ምንም ነገር አታምንም።»

«ጥሩ ዳኛ ትሆናለች» አለና ኩትስ ጃኬቱን አውልቆ ከጠረጴዛው ጀርባ ወጣ። ሰው ግራና ቀኝ ከፈል አለ፤ ስልኮች ወደ ላይ ወጡ። ሃያ እርምጃ ርቄ ቆምኩና ከጠረጴዛው ላይ ያነሳኋትን ኳስ አንከባለልኩ። መሀል ምንጣፍ ላይ ቆመች።

«ይቺንማ ንቦቼም ይይዟታል!» አለ ኩትስ።

ሁለተኛዋን ከትከሻዬ ነው የወረወርኳት። ኳሷ የምንጣፉን መጋጠሚያ ነክታ ነጠረች። ኩትስ ማድረግ የነበረበት ዝም ብሎ መቆም ብቻ ነው፤ ኳሷ ብታልፍ፣ አትያዝም ነበር ብሎ ይገላገል ነበር። ነገር ግን ስድሳ ሰው እያየው፣ ያውም ያኔ አንገቱን ያስደፋው የዚህች ከተማ ሰው፣ እንዴት ዝም ብሎ ይቁም? በአንድ ጉልበቱ ወረደ፤ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሁላችንም ሰማን። ኳሷ መዳፉ ውስጥ ገባች።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ኩትስም ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሳ። ጭብጨባው ሲበርድ አባቴ በዝግታ፣ «ለካ ትያዛለች» አለ።

ኩትስ ኳሷን ሌላ ሰው እጁ ላይ ያስቀመጣት ይመስል አፍጥጦ አያት።

«ምንጣፍ ነው ይሄ! ሜዳው ጠጠር ነበረው!»

«ያን ጊዜ ደግሞ ሠላሳ ሰባት ዓመትህ ነበር» አለ አባቴ። ጌታዬውም እርስዎውም ቀረ። «በል ተነስ።»

«አልችልም። ጉልበቴ ተያዘ።»

አባቴ ሊያነሳው ጎንበስ አለና እሱም ጉልበቱ ከድቶት አጠገቡ ዘጭ አለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ተያዩ። ቨርና ጠረጴዛውን ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«አምጣው ያንን ወረቀትህን» አለ ኩትስ።

ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ሰጠሁት። ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ፈረመ፤ ግን ቶሎ አላቆመም።

«ምን እየጻፍክ ነው?» አለ አባቴ አንገቱን አስግጎ። «ስምህ ያን ያህል አይረዝምም!»

ወረቀቱን አንስቼ አየሁት። ዴልማር ኩትስ፣ ይላል በሰማያዊ እስክርቢቶ። ከስሩ፦ ምት ነበር።

አባቴ ተቀብሎኝ ፊደል በፊደል አነበበው። ከዚያ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አለበትና ለኩትስ እጁን ዘረጋ። የአዳራሹ አስተናጋጆች መጥተው ሁለቱንም እስኪያነሷቸው ድረስ እንደተጨባበጡ ቆዩ።

ስንመለስ ካርቶኑን ሹራቡ ስር እንደያዘ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ወረቀቱ የተበላሸበት መሰለው ብዬ ተጨነቅኩ።

«ያው አሥራ ስምንት ሞላልህ» አልኩ።

«ሞላ።» ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሁለተኛዋን አጥብቀሽ ነው የወረወርሻት?» አለኝ።

«ከሞላ ጎደል።»

እውነቱን ለመናገር፣ ክንዴ መጨረሻ ላይ ትንሽ ለዘብ ብሏል። ለማን ብዬ እንደሆነ አላውቅም። አባቴ ግን ሌላ አልጠየቀኝም።

ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ካርቶኑን ከሹራቡ ስር አወጣ።

«እኔ በእርሳስ ነው የጻፍኩት» አለ። «ብሳሳት እንዲታረም። እሱ በእስክርቢቶ።»

«እና ምን?»

«እናማ ዋንዲ፣ ሁለተኛ ስህተቱ ነው።»

ከኪሱ እርሳስ አወጣ፤ ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘረጋና ከኩትስ ጽሑፍ ጎን መጻፍ ጀመረ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ክላክስ ጮኸ።

«እንዳትንቀሳቀሺ!» አለኝ። «ስድስቷ ትጣመምብኛለች።»